ለባለፋኖሷ የተነፋ ጥሩምባ

ንገሪን ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። በስልካቸው ጌም ሲጫወቱ ከኋላቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ ታዲያ ውስጥ ያሉት ሰዎች መነጋገር ሲጀምሩ ልጆቹ በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ያሳልፉታል። እኔም አላስችል ብሎኝ፣ «ወሬውን አትዝለሉት፤ ወሬ የዘለለ ሰላምታ እንደ ነሣ ነው» አልኳቸው። ዘወር ብለው አዩኝ። ትልቋ ሳቅ ብላ፣ «አያቴ፣ አንቺ ደግሞ የጌም ወሬ ከየት ታውቂያለሽ?» አለች። «ከይስማው» አልኩ። «ይስማው ማን ነው?» አሉ አንድ ላይ።

እሱን ለመንገር ቁጭ ብሎ መጻፍ ይሻላል። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። መስመር ብስት አትፍረዱብኝ። አፌም እንደ እጄ ነው፤ ቢቸና ልሂድ ብሎ ይነሣና መርጡለ ማርያም ይደርሳል።

ይስማው ያረፈው ቢቸና፣ እህቱ ቤት ነው። ወሬውን ሞጣ ያደረሰው ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ ነበር። እኔ ገበያ ላይ ፈትሌን ይዤ ቆሜአለሁ፤ ሰውየው ለጎረቤቴ፣ «ያ ድሮ እዚህ ጌም ቤት የነበረው ሰው አርፏል» ሲል ሰማሁ። ፈትሌን ሰብስቤ ቤቴ ገባሁ። ያን ቀን ምንም አልሸጥኩ።

ይስማው ቀድሞ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። በሚሌኒየሙ ሰሞን ሬዲዮ የሚያስጠግን ሲጠፋ ቴሌቪዥን ገዝቶ ጌም ቤት ከፈተ። ቤቱ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከሰይድ ልብስ ስፌት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ነው። ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው ቴሌቪዥኑና አግዳሚ ወንበሮቹ ያሉበት፤ በመጋረጃ የተከፈለው የኋለኛው ደግሞ እናቱ እማማ የሺ የተኙበት። እማማ የሺ እግራቸው ከተያዘ ቆይቶ ነበር። አጥቦ፣ አብልቶ፣ ፀሐይ ላይ አውጥቶ የሚመልሳቸው ራሱ ነው። ሚስት አላገባም። «እናትህን የምትችል ሴት ጠፋች?» ሲሉት፣ «እናቴን የምትችል አለች፤ ጌሙን የምትችል ነው የጠፋችው» ይል ነበር።

እኔ እዚያ ቤት የገባሁት ዝናብ አስገብቶኝ ነው። የማርያም ዕለት ነበር። በበዓል ቀን እንዝርት አይነካም፤ እጄ ባዶውን ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዶፉ ያዘኝና በሩ ጥግ ተጠጋሁ። ከውስጥ የይስማው ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ አይቸኩልም፤ ገድል እንደሚያነብ ሰው ነው የሚናገረው። «አባቷም አላት፦ ፋኖሱ የሚበራው ለሚያልፈው አይደለም፤ ለሚመጣው ነው።» እኔም ማን ነው አባቷ ብዬ አንገቴን አስገባሁ። አየኝና፣ «እትዬ አንጓች፣ ይግቡ እንጂ። በር ላይ የቆመ ሰው ታሪክ ያፈስሳል» አለኝ። ሰይድ ልብስ ሰፊው መርፌ በከንፈሩ እንደ ያዘ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

እንግዲህ ስለ ጨዋታው ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ልጁ ሁሉ የሚሻማው ዋናውን ጨዋታ ነበር። ዋናው የአንድ መስፍን ታሪክ ነው፤ ሰይፍ ይዞ፣ የተቀማ ዙፋኑን ሊያስመልስ አገር ለአገር ይዞራል። መንገዱ ላይ አንድ ትልቅ የገመድ ድልድይ አለ። ገደሉ የኛን የዓባይ በረሃ ይመስላል። እዚያ ድልድይ ላይ ፋኖስ የያዘች ሴት ቆማለች፤ ታበራለታለች፣ ይሻገራል፣ በቃ። ዓይን እስኪጨፈን አትቆይም። ያንን ጨዋታ መቶ ጊዜ የጨረሱ ጎረምሶች ሴትዮዋን አስተውለዋት አያውቁም።

ታዲያ ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ቆይተው ተመለሱና ስለዚያች ሴት ብቻ ሦስት ሲዲ ሠሩ። እንዲህ ያለውን ተቀጥላ ነው ይሉታል፤ ከዋናው ጎን የሚወጣ። ይስማው ሦስቱን ከባሕር ዳር አስመጣ። ሰይፍ የለበትም፣ መገዳደል የለበትም ብለው ጎረምሶቹ ናቁት። ይስማው ግን፣ «ግንዱን ሁሉም ያየዋል፤ ጥላው ያለው ቅርንጫፉ ላይ ነው» አለ።

አሠራሩ ይኼውላችሁ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ይስማው ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ጠዋት ጠዋት ጌም ቤቱ ሳይከፈት ብቻውን ይጫወትና እያንዳንዱን ቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለገ በደብተር ይጽፋል። መዝገበ ቃላቱ ሽፋኑ ወልቆ በሰይድ ክር ተሰፍቷል። ለአንድ ቃል ሁለት ቀን የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በበዓል ቀን፣ ሰው ሥራ በሌለው ሰዓት፣ ከቅዳሴ መልስ ያስኮመኩመናል። በማርያም አይተን ለሚካኤል እንቆያለን። አንድ ሲዲ ዓመት ይፈጅ ነበር። ሲዲውን ከማስገባቱ በፊት ወደ መስኮቱ አንሥቶ፣ እንቁላል ነጋዴ እንቁላሉን በብርሃን እንደሚያይ አገላብጦ ያየዋል። ከዚያ በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ። ያን ጊዜ ሁላችን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ እንላለን።

የመጀመሪያው ሲዲ ልጅነቷ ነው። አባቷ የድልድዩ ጠባቂ፤ እሷ ዘይት ትቀዳለች፣ መስተዋቱን ትወለውላለች፤ ወንድሟ ገመዱን ይጠብቃል። ጨዋታ ብትሉት ጨዋታ አይመስልም። ሰው ይመጣል፣ ታበራለታለች፣ ይሻገራል። ግን የሚሻገሩት ሁሉ አንዳንድ ነገር ይጥላሉ፤ አንዱ የሕፃን ጫማ፣ አንዷ የታጠፈ ደብዳቤ፣ አንዱ የተሰበረ ማበጠሪያ። እሷ እያነሣች መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች። ደብዳቤውን አትከፍተውም። ጎረምሶቹ፣ «ክፈተው እንጂ! ምን ይላል?» ይላሉ። ይስማውም፣ «አይከፈትም። ሠሪዎቹ ዝም ማለት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው» ይላል። እኔ ያን ደብዳቤ ስንት ሌሊት በልቤ እንደ ጻፍኩት!

ሁለተኛው ሲዲ ግን፣ እሱ ነው አፌን ያስያዘኝ። ያ የዋናው ጨዋታ መስፍን ይመጣል። ልጆቹ ፈረሱን ሲያዩት «መጣ! መጣ!» ብለው ተነሡ። እሱ ግን እንደ ነፋስ አልፎ ሄደ። ፊቱ እንኳን አልታየም። ያው ድልድይ ነው፣ ያው ፋኖስ ነው፣ ያው ቀን ነው፤ ዘንድሮ ግን የምናየው ከሷ ወገን ሆነን ነው። ለዓመት የተጫወቱት ጀግና በሷ ዓይን የአንድ አፍታ አቧራ ነው። አቧራው ሲሰክን ወንድሟ የለም። መስፍኑን ተከትሎ ሄዷል። መስፍኑ ስሙን እንኳን አያውቀውም።

በባድመው ጊዜ ከየቤቱ የሄደ አለ፤ ከኔም ቤት። ማንም ስለሱ አላነሣም። ሰይድ ብቻ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ፣ «ይህን የሠራው ሰው እናት አለችው» አለ። እኔ ፊደል ያወቅሁት ልጆች ወልጄ ነው፤ ተረት ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። የንጉሥ ተረት ሰምቻለሁ። ንጉሡ ያለፈባትን ሴት ተረት የሚናገር ግን ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ያውም ከየት አገር እንደ ሆነ ከማላውቀው ሰው፣ ከሳጥን ውስጥ።

ሦስተኛው ሲዲ ነው ጣጣ ያመጣው።

መስፍኑ ዙፋኑን አስመልሶ ነግሷል፤ ነግሦም ጨካኝ ሆኗል። አገሬው ከወታደሮቹ ሸሽቶ ወደ ድልድዩ ይጎርፋል። ጉም ወርዷል። ባለፋኖሷ አርጅታለች። ፋኖሱን ከፍ አድርጋ ይዛ ታሻግራለች፤ ወጣቱ ያልፋል፣ እናቶች ያልፋሉ፣ ሽማግሌዎች ገና ከጉሙ ውስጥ ናቸው። ድልድዩ እየተበጠሰ ነው። ጎረምሶቹ፣ «ትሻገር! ይስማው፣ አሻግራት!» ይላሉ። ይስማው የጌሙን መቆጣጠሪያ እንደ ያዘ ቀረ። አውራ ጣቱ አልተንቀሳቀሰም። የመጨረሻው ሽማግሌ ሲሻገር ገመዱ ተበጠሰ፤ ፋኖሱ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ እንደ ትንጥዬ ኮከብ ሄደ።

እኔ እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም። ለለቅሶ እንደሚዘቀዘቀው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ኖሯል፤ እጄ በልማዱ ያደረገው ነው። ከቤቱ ውስጥ አብረውኝ ያዩት ሴቶች ልቅሶ ይሰማል። በሩ ላይ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አባ ገረመው ሲያልፉ አገኙኝ። ነጠላዬን አዩ። «ምነው አንጓች?» አሉ። እያለቀስኩ በእጄ ወደ ይስማው ቤት አሳየኋቸው። አባ ገረመው ደግሞ እማማ የሺ በጠና መታመማቸውን ያውቃሉ። «ነፍስ ይማር» ብለው ፈጥነው ሄዱ። እኔም ለባለፋኖሷ ነፍስ ይማር ማለታቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። እዩ እንግዲህ ሞኝነቴን።

ብዙም ሳይቆይ ጥሩምባው ተነፋ። «የይስማው እናት ወይዘሮ የሺ አርፈዋል፤ የእድሩ አባል ሁሉ ውጣ!» ሰው ከየቤቱ ተነቅሎ ወጣ። ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸክመው መጥተው በይስማው ደጅ መወጠር ጀመሩ። ይስማው ከውስጥ ሲወጣ አንዱ አንገቱን አቅፎ፣ «አይዞህ፣ ጧሪ ነህ፣ መርቀውህ ነው የሄዱት» ይለዋል። እሱ ግራ ገብቶት ይቆማል።

በዚህ መሐል ከመጋረጃው ወዲያ የእማማ የሺ ድምፅ መጣ። «ይስማው፣ ማን ሞቶ ነው?»

ሰይድ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ፣ «እርስዎ ነዎት ተብሎ ነው፣ እማማ» አለ።

«እንግዲያው ጥሩ ሰው መጥቷል?»

«ደጁ ሞልቷል።»

«እነ በላቸውስ?»

«እሳቸው ካስማ እየመቱ ነው።»

«ጠንከር አድርጎ ይምታው በለው። ኋላ ድንኳኑ እላዬ ላይ እንዳይወድቅ።»

ሳቅ የለቀቀው ለቀቀ። አቶ በላቸው ግን አልሳቁም። እሳቸው የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ቁም ነገረኛ፣ ነገር የማይረሱ ሰው። መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ «በቁሟ ያለች እናት በጥሩምባ ተጠራች። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሟርት ነው» አሉ።

በሳምንቱ እድሩ ተሰበሰበ። ዳኛው ነገሩን ለሁለት ከፈሉት። «ገረመው ላልሞተ ሰው ለፍፏል፤ ጥሩምባውን ያስረክባል። ይስማው ደግሞ በሥዕል ሰው ሲያስለቅስ ይህን ጉድ አምጥቷል፤ ከእድሩ ይወጣል።»

ከእድር መውጣት ምን እንደ ሆነ ለናንተ ለከተሜዎቹ ልንገራችሁ፤ ስትሞት የሚቆፍርልህ የለም፣ ድንኳንህን የሚተክልልህ የለም። ይስማው ለራሱ ቢሆን ምንም አይደል። እናቱ ግን ዛሬ ነገ የሚባሉ ናቸው። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ተነሥቼ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ነጠላዬን ያዘቀዘቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ይስማው አቋርጦኝ፣ «እትዬ አንጓች ያለቀሱት እኔ ባሳየኋቸው ነው። እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሮ፣ «ዳኛ፣ አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ። እሳቸው ያዩትን እናንተም እዩት። ካያችሁ በኋላ የፈረዳችሁትን እቀበላለሁ» አለ።

«እኔ ሰባ ዓመት ስኖር ሥዕል አይቼ አላለቀስኩም» አሉ ዳኛው።

ሰይድ ጣልቃ ገባ። «እኔም አላለቅስም ብዬ ሱሪ እየሰፋሁ አየሁት። ኪሱን ጉልበቱ ላይ ሰፋሁት። ባለቤቱ ይመስክር።»

ለሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ አምስት ሆነው መጡ። በትራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ይስማው ሲዲውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየ፣ ጠረገ፣ አስገባ። ከሦስቱም ሲዲ እየመረጠ አሳያቸው። መጀመሪያ ላይ ሽማግሌዎቹ ይተቹ ነበር፤ የፈረሱን ኮርቻ፣ የገመዱን አገማመድ። ይስማው ሁሉንም ይመልሳል።

መስፍኑ በድልድዩ ሲያልፍ ዳኛው ቀና አሉ። «ሰላም ሳይላት አለፈ?»

«አዎ፣ ዳኛ።»

«ጀግና የተባለው ይሄ ነው?»

«ዋናው ጨዋታ ላይ ጀግናው እሱ ነው።»

«ጀግና ለማን?» አሉ፤ መልስም አልጠበቁ።

ጉሙ ወረደ። ሰው ይሻገር ጀመር። ድልድዩ መበጠስ ሲጀምር ዳኛው ከአግዳሚው ጫፍ ደርሰው ነበር። «በቃ፣ አሻግራት እንጂ! ፋኖሱን ትተወው» አሉ።

«ሽማግሌዎቹ ቀሩ፣ ዳኛ» አለ ይስማው። አውራ ጣቱ እንደዚያ ቀን ዝም አለ።

ፋኖሱ ወደቀ። ከዚያ ጥቁር ሆነ። አባ ገረመው በሩ ላይ ጥሩምባቸውን አቅፈው ቆመዋል፤ ለማስረከብ ይዘውት መጥተዋል። ዳኛው ወደ ይስማው ዞረው፣ «ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚያ አለቀ።»

«ማን ቀበራት?»

ይስማው ደብተሩን ገለጠ። ሳይነበብ የቀረ መስመር እንዳለ የሚያረጋግጥ ይመስላል። «ማንም፣ ዳኛ። ጨዋታው ላይ የለም።»

«ያን ሁሉ ሰው አሻግራ?»

«ማንም።»

ዳኛው በትራቸውን አንሥተው ተነሡ። እኛም አብረን ተነሣን። «እንግዲያው» አሉ፣ «ያ ጥሩምባ በከንቱ አልተነፋም። ሰው ከሞተ ይለፈፍለታል። የሺ ላይ መጠራቱ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ይታረማል። ገረመው፣ ጥሩምባህን ይዘህ ግባ። ይስማውም ባለበት ይኑር።» ከበሩ ሲደርሱ መለስ አሉና፣ «ኪዳን የሚያደርስ ካህን ሳገኝ ስሟን ልሰጥ ነበር። ስሟ ማን ነው?» አሉ።

ይስማው ስሟን ነገራቸው። የባዕድ ስም ነው፤ ዳኛው ሁለት ጊዜ ደገሙት፣ አልያዝላቸው አለ። «ባለፋኖሷ ይበቃታል። እግዜር ያውቃታል» ብለው ሄዱ።

ይስማው የዚያን ቀን ብቻ ነው ሲያለቅስ ያየሁት። ወደ መጋረጃው ዞሮ፣ ሰው እንዳያየው።

እማማ የሺ ያረፉት ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። እድሩ ነቅሎ ወጣ። አባ ገረመው ከመንፋታቸው በፊት ቤት ድረስ ገብተው በዓይናቸው አረጋግጠው ነበር፤ በለቅሶው መሐል ስንት ሰው አሳቁ። ካስማውን ዳኛው ራሳቸው መቱት፤ ጠንከር አድርገው። ይስማው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ልጆቹም ስልክ ያዙ፣ አግዳሚው ባዶውን ዋለ፤ ቤቱን ዘግቶ ቢቸና፣ እህቱ ሙሉ ዘንድ ሄደ። ሲሄድ ሲዲዎቹን በእናቱ ነጠላ ጠቅልሎ ነበር የያዛቸው።

ካረፈ በኋላ ለለቅሶ ቢቸና ወረድኩ። ሙሉ ጎኗ አስቀመጠችኝ። ስለሱ ስናወራ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ መዝገበ ቃላቱ፣ ሳላውቀው፣ «ባለፋኖሷ የሞተች ዕለት» ብዬ ጀመርኩ።

ሙሉ ቀና ብላ አየችኝ። «የትኛዋ? የድልድዩ? እሷ እኮ አልሞተችም።»

«ልጄ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ያውም ሁለት ጊዜ።»

«እናንተ ያያችሁት ከሁለቱ አንዱን ነው» አለች። ጨዋታው ሁለት መጨረሻ ነበረው ለካ። መቆጣጠሪያውን ካልነኩት እሷ ቆማ ታሻግርና ትወድቃለች። አንድ ቦታ ላይ ከተነካ ግን ፋኖሱን እንጨቱ ላይ ሰቅላ ከሰው ጋር ትሻገራለች፤ በሕይወት ትወጣለች። ይስማው ሁለቱንም ያውቅ ነበር። ሙሉ እናቷን ለማስታመም ሞጣ በነበረችበት ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲሉ፣ «ትትረፍና አሳያቸው፤ ማንም ሳይሞት ነገሩ ይበርድልሃል» ብላው ነበር። እሱም፣ «እትዬ አንጓች ካለቀሱላት በኋላ እንዴት አስነሣታለሁ? አባ ገረመውስ ለማን ነፉ ሊባል ነው?» አላት። ከእድር መውጣቱን፣ እናቱ ያለ ቀባሪ መቅረታቸውን እያወቀ ነው እንግዲህ አውራ ጣቱን ያላንቀሳቀሰው።

«ለእማዬ ግን ሌላውን ነበር የሚያሳያት» አለች ሙሉ። «ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ገልጦ ይጫወትላታል። ባለፋኖሷ ትሻገራለች። ከድልድዩ ማዶ ያለውን ጨዋታው አያሳይም፤ እማዬ ደግሞ፣ ያቺ ልጅ የት ደረሰች እያለች ትጠይቀዋለች። እሱም፣ ዛሬ መርጡለ ማርያም ተሳለመች፣ ዛሬ የጁቤ ገባች፣ እያለ በየቀኑ ይነግራታል። እማዬ ያረፈች ዕለት ጠዋት የነገራትን እኔም ሰምቻለሁ፤ ባለፋኖሷ ቢቸና እኔ ቤት ገብታ እግሯን እየታጠበች ነበር።»